እስከ ነገ ይቆያል? የውሾች ድንገተኛ የሆድ ሕመም አለያየትና ሕክምና

ሁዳዴን በሚጾም ቤት ውሻውም አብሮ ይጾማል። ለ55 ቀን የሚቀርብለት የሽሮ ፍትፍት፣ የምስር ትርፍራፊና የደረቀ እንጀራ ነው። የፋሲካ ዕለት ግን ቅቤ የጠገበ ወጥ፣ የዶሮ አጥንትና ቆዳ፣ በማግስቱም ከቅርጫው የተረፈ ሞራና አንጀት በአንድ ጊዜ ይደፋለታል። ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ስብ ያልቀመሰ ሆድ ይህን ሁሉ ሲቀበል ውሻው ቢያስመልስና ቢቀዝን አያስገርምም።

ከእንዲህ ያለው ሕመም አብዛኛው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ በራሱ ይለቃል። ችግሩ ውሻን በሰዓታት ውስጥ የሚገድሉ ሕመሞችም አጀማመራቸው ይኸው መሆኑ ነው፦ ማስመለስ፣ መቅዘን፣ ምግብ መተው፣ ጥግ መያዝ። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው «ምን መድኃኒት ልግዛለት?» ብሎ ነው። በእኔ እምነት ከዚህ መቅደም ያለበት ጥያቄ ይህ ውሻ እስከ ነገ ይቆያል ወይስ አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት የሚለው ነው። ይህን ለመመለስ የሚያስፈልገው ዓይን፣ ጣትና ጥቂት ዕውቀት ብቻ ነው፤ በከንቱ ይሞቱ የነበሩ ብዙ ውሾችን የሚያድነውም ይኸው ይመስለኛል።

ሰው ቀድሞ የሚያየው የትውከቱን ቀለም ነው። ቢጫው ሐሞት ነው፤ ነጩ አረፋ ባዶ ጨጓራ ውስጥ የተመታ ምራቅ ነው፤ ሁለቱም ስለ ሕመሙ ክብደት የሚነግሩን ጥቂት ነው። ደም ግን ይናገራል። ትውከቱ ቀይ ደም ካለበት ወይም የቡና አተላ ከመሰለ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚያጣብቅ ከሆነ፣ ከላይኛው የሆድ ዕቃ ደም እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። በሰገራው ላይ የሚታይ ጥቂት ትኩስ ደምና ንፍጥ፣ በየደቂቃው ከማማጥ ጋር ሲመጣ፣ የትልቁ አንጀት መቆጣት ነው፤ ያስደነግጣል እንጂ ብዙውን ጊዜ ያን ያህል የሚያሰጋ አይደለም። በብዛት የሚወርድ ውሃማ ተቅማጥ የሚመጣው ከትንሹ አንጀት ነው፤ ውሻውን በፍጥነት የሚያደርቀውም እሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚታመነው ድድ ነው። ከንፈሩን ገለጥ ሲያደርጉት ጤነኛ ድድ ሮዝ መልክ ያለውና ርጥብ ነው። በጣት ጫን ብለው ሲለቁት ነጣ ይልና ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ቀለሙ ይመለሳል። ጣት ላይ የሚያጣብቅ ድድ ውሻው ውሃ እያጣ መሆኑን ይናገራል። የገረጣ፣ ነጭ ወይም ግራጫ ድድ ደግሞ ደም እየጎደለ ወይም የደም ዝውውሩ እየተዳከመ ነው ማለት ነው፤ ይህ ውሻ እስከ ነገ አይቆይም። ድዳቸው በተፈጥሮ ጥቁር ለሆኑ ውሾች የታችኛውን የዓይን ሽፋን ሳብ አድርጎ ውስጡን ማየት ይቻላል። በትከሻዎቹ መካከል ያለውን ቆዳ ቆንጥጦ አንስቶ መልቀቅም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ቆዳው ወዲያው ካልተመለሰ ድርቀት አለ። ይሁን እንጂ ይህ ምልክት የሚታየው ውሻው ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል ፈሳሽ ካጣ በኋላ ነው። ለ20 ኪሎ ውሻ ያ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ያረጀና የከሳ ውሻ ቆዳ ደግሞ ድርቀት ባይኖርም ቀስ ብሎ ስለሚመለስ ያሳስታል። በፊንጢጣ የሚለካው ጤነኛ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ ከፍ ማለቱ ብቻ ሳይሆን ዝቅ ማለቱም፣ በተለይ በቡችላ ላይ፣ አስጊ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሣር አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ውሻ ሣር የሚበላው ሆዱን ሲያመው ለማስመለስ ነው የሚለው እምነት እጅግ የተስፋፋ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የባለቤቶች መጠይቅ ግን ሣር ከሚበሉት ውሾች ቀድሞ የሕመም ምልክት ያሳዩ የነበሩት ከአሥር አንድ እንኳ እንደማይሞሉ፣ በልተው የሚያስመልሱትም ከአራት አንድ ያነሱ እንደሆኑ አሳይቷል። ሣር መብላት የውሻ የዘወትር ጠባይ ነው።

ከማይጠብቁት ሕመሞች ሁሉ ጊዜ የማይሰጠው የጨጓራ መነፋትና መጠምዘዝ ነው። ጨጓራው በአየር ይወጠርና በራሱ ላይ ይዞራል፤ መግቢያውም መውጫውም ይታነቃል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይዘጋል። የሚያጠቃው በተለይ ደረታቸው ጥልቅ የሆኑትን ትልልቅ ውሾች ነው፤ በግቢዎቻችን የምንወደው ጀርመን ሸፐርድ አንዱ ነው። ምልክቱን አንዴ ያወቀ ሰው አይስተውም፦ ውሻው ደጋግሞ ሊያስመልስ ይታገላል፣ የሚወጣው ግን ትንሽ አረፋ ነው ወይም ምንም የለም። ሆዱ ይወጠራል፣ ለሃጩ ይንጠባጠባል፣ መተኛትም መቆምም ያቅተዋል። መፍትሔው ጨጓራውን ማስተንፈስና ቀዶ ሕክምና ነው፤ ያለዚያ በሰዓታት ይሞታል። ከሚያጋልጡት ነገሮች ውስጥ በቀን አንዴ ብቻ ብዙ ምግብ መስጠትና ጥድፊያ ያለበት አበላል ይገኙበታል። የጥበቃ ውሻ በብዙ ግቢ የሚመገበው እንዲሁ ነው፤ ቀኑን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ሊፈታ ሲል አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ይቀርብለታል። ያንኑ ምግብ ጠዋትና ማታ ከፍሎ መስጠት ምንም ወጪ የለውም።

ቡችላ ከሆነና ክትባቱን ካልጨረሰ ቀድሞ መጠርጠር ያለበት ፓርቮ ነው። ይህ ቫይረስ የድመቶችን ተመሳሳይ በሽታ ከሚያመጣው ቫይረስ ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1978 ዓለምን ያዳረሰው ከዚያ በፊት ምንም መከላከያ ባልነበራቸው ውሾች መካከል ነው። በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ያጠቃል፤ እነዚህም የአንጀት ግድግዳና ነጭ የደም ሴል የሚሠራበት መቅኔ ናቸው። ቡችላው መጀመሪያ ይፈዝዛል፣ ምግብ ይተዋል፤ ከዚያ ማስመለሱና ክፉ ሽታ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይከተላል። አንጀቱ ስለተላጠ ባክቴሪያ ወደ ደም ያልፋል፤ የሚከላከሉት ነጭ ሴሎች ደግሞ አልቀዋል። ካልታከመ የሚተርፈው ጥቂቱ ነው።

ስለ ፓርቮ ሕክምና ከተጻፈው ውስጥ ለእኛ ሁኔታ እጅግ የሚጠቅመው በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት ይመስለኛል። 40 ቡችሎች በሁለት ተከፈሉ። ሁሉም መጀመሪያ በደም ሥር ፈሳሽ ተሰጥቷቸው ከአደጋ ወጡ። ከዚያ ግማሾቹ በተለመደው የሆስፒታል አያያዝ ቀጠሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ በተመላላሽ ሕመምተኛ ደንብ ከቆዳ ሥር በቀን ደጋግሞ የሚወጋ ፈሳሽ፣ የማስመለስ መከላከያና ለረጅም ጊዜ የሚሠራ አንድ የፀረ ባክቴሪያ መርፌ ተሰጣቸው። ከመጀመሪያዎቹ 90 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 80 በመቶ ተረፉ። ሌሊት ተኝቶ የሚታከምበት የእንስሳት ክሊኒክ በማይገኝበት ወይም ዋጋው በማይቻልበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ሆስፒታል ካልተኛ ዋጋ የለውም» ብሎ ቡችላን መተው ስህተት መሆኑን ያሳያልና። እርግጥ ነው፣ ይህ የሚሆነው በየቀኑ ሐኪም እያየው፣ ሰው ሌት ተቀን እያስታመመው ነው።

በጎልማሳ ውሻ፣ በተለይ በትንንሾቹ ዝርያዎች፣ ሌላ አስደንጋጭ ሕመም አለ፦ ድንገተኛ ደማዊ ተቅማጥ። ትናንት ደህና የነበረ ውሻ ዛሬ ጠዋት ደም ብቻ የሚመስል ይቀዝናል። ውሃው በፍጥነት ከደሙ ስለሚወጣ ደሙ ይወፍራል፤ ፈሳሽ በጊዜ ካገኘ ግን አብዛኛው በሁለትና በሦስት ቀን ይድናል።

መርዝ ብዙ የሚያነጋግር ርዕስ ነው። በየሱቁ ከሚሸጡት የአይጥ መርዞች አንዱ ዚንክ ፎስፋይድ ነው፤ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ውሻ መርዝ ሲበላ ወተት ማጠጣት በአገራችን የተለመደ ነው፤ ከልብ የሚደረግ ነገር ነው። ነገር ግን ወተትም ሆነ ሌላ ምግብ ጨጓራው አሲድ እንዲያመነጭ ስለሚያደርግ ጋዙን ሊያበዛው ይችላል፤ የደከመ እንስሳ አፍ ውስጥ የሚፈስ ማንኛውም ነገር ደግሞ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የውሻው ትውከት ራሱ ጋዝ ስለሚያወጣ ሰዎቹም በር መክፈትና ራቅ ማለት አለባቸው። ሌላው ዓይነት የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ምንም ሳያሳይ ይቆይና ደም መፍሰስ ይጀምራል፤ ቫይታሚን ኬ1 በጊዜ ከተጀመረ ያድነዋል። ማላታይንና መሰሎቹ የተባይ መድኃኒቶችም ለቁንጫ ተብለው በውሻ ጀርባ ላይ መደረግ የለባቸውም። የለሃጭ መዝረብረብ፣ ማስመለስ፣ መቅዘን፣ የዓይን ብሌን መጥበብና መንቀጥቀጥ አንድ ላይ ከመጡ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው፤ ሐኪሙ አትሮፒን ይሰጣል። በረኪና ወይም ላምባ የጠጣን ውሻ እንዲያስመልስ ማድረግ ሁለተኛ ጉዳት ነው፤ ጨው በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ደግሞ ራሱን የቻለ መመረዝ ያስከትላል። ማስመለስ አስፈላጊ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሰዓታት ሐኪም ያደርገዋል።

ማድ ቤታችን ውስጥ ያለውና መርዝ መሆኑ የማይታሰበው ሽንኩርት ነው። የውሻ ቀይ የደም ሴል በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ይጎዳል፤ መብሰሉም ጉዳቱን አያስቀረውም። ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ጉዳት ለማድረስ ይበቃል፤ ለ10 ኪሎ ውሻ ይህ ከ150 እስከ 300 ግራም ነው። ለዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚከተፍ የሚያውቅ ሰው የድስቱ ጥራጊ ምን ያህል እንደሚሸከም ይገባዋል። መጀመሪያ የሚታየው የሆድ መታወክ ነው፤ ከቀናት በኋላ ድዱ ይገረጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፤ ያኔ ሰው በዓሉን ረስቶታል። ዘቢብና ወይን ደግሞ ኩላሊት ያጠፋሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ ውሻ ለሚያሳድጉ ወገኖቻችን ከእነዚህ ሌላ ቸኮሌት፣ እንዲሁም በማስቲካ ውስጥ የሚገኘው ዛይሊቶል የተባለው ጣፋጭ ይጨመራል። ዛይሊቶል የውሻን የደም ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ ሊጥለው ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ሌሊትም የሚሠሩ የእንስሳት መርዝ መረጃ ስልኮች ስላሉ ቁጥሩን አስቀድሞ መያዝ ይበጃል።

የማይፈጭ ነገር መዋጥም የራሱ ዓለም አለው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ሁሉ በተጋጠ በቆሎ ቆረቆንዳ ይሞላል፤ ውሻ ቆራርጦ ይውጠዋል፤ ሆድ ውስጥ አይፈጭም፣ አንጀት ላይ ሲደርስ ይወተፋል። ሥጋ የተያዘበት ፌስታልም እንዲሁ ነው። የበሰለ አጥንት ደግሞ እየተሰነጠቀ ስለት ይሆናል። የጠጣውን ውሃ እንኳ የሚያስመልስ፣ ሰገራው የቆመ፣ ሆዱ ሲነካ የሚያመው ውሻ አንድ ነገር ተሰንቅሮበት ይሆናል። ፌስታልና ቆረቆንዳ በራጅ በግልጽ ላይታዩ ስለሚችሉ «ራጁ ንጹሕ ነው» መባሉ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

የበዓሉ ስብ ቆሽትንም ያቆጣል፤ እንዲህ ያለው ውሻ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን መሬት አስነክቶ ዳሌውን ከፍ አድርጎ ይታያል። ያልተኮላሸች ሴት ውሻ ወንድ ከፈለገች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብታስመልስና ውሃ አብዝታ ብትጠጣ ማህፀኗ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ይህም የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ነው።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ ሳይነገር ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ ውሻ ሕመም መጻፍ አይቻልም። መንጋጋው የወደቀ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ሲታይ ሰው «አጥንት ተሰንቅሮበታል» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። እንዲህ መሆኑ ግን የበሽታው አንዱ መልክ ነው። ድምፁ ከተለወጠ፣ ጠባዩ ከተቀየረ፣ ሲሄድ ከተንገዳገደ፣ ክትባቱም ካልታወቀ፣ መነካት የለበትም። ለሃጩ ቁስል ወይም ዓይን የነካው ሰው፣ ወይም የተነከሰ፣ ቦታውን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ፤ ምልክት ከወጣ በኋላ መድኃኒት የለም።

አሁን ወደ ሕክምናው። ድዱ ርጥብና ሮዝ የሆነ፣ ነቃ ያለ፣ ክትባቱን የጨረሰ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ያስመለሰ ወይም የቀዘነ ጎልማሳ ውሻ ቤት ሊታይ ይችላል። የሚፈልገው በዋናነት ውሃ ነው። ጤነኛ ውሻ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይፈልጋል፤ የታመመው በዚህ ላይ ያጣውን ይተካል። የተጠማ ውሻ ባልዲ ሙሉ ጠጥቶ መልሶ ስለሚያስወጣው ጥቂት ጥቂት እያሉ በየግማሽ ሰዓቱ መስጠት ይሻላል። ለሰው የሚሸጠው ኦ አር ኤስ በልኩ ተበጥብጦ ከወደደው ይጠጣ፤ በግድ አይጋት። ውሃም ካልረጋለት የቤቱ ሕክምና አበቃ፤ ሐኪሙ ከቆዳ ሥር ወይም በደም ሥር ይሰጠዋል። ለዚህም በብዛት የሚመረጠው ሪንገር ላክቴትን የመሰለ ጨው ያለው ፈሳሽ ነው፤ ተራ ግሉኮስ ያጣውን ጨው አይተካም።

ስለ ምግብ የነበረው ምክር ተለውጧል። ቀድሞ ውሻው 24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይጹም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት ግን ፓርቮ የያዛቸውን ቡችሎች ገና ከመጀመሪያው ቀን በአፍንጫ በገባ ቱቦ መመገብ ከማስጾሙ የተሻለ መሆኑን አሳየ፤ የተመገቡት ቀድመው አገገሙ፣ ክብደትም ጨመሩ። የአንጀት ግድግዳ የሚመገበው በውስጡ ከሚያልፈው ምግብ ነውና። ስለዚህ ማስመለሱ ለጥቂት ሰዓታት ጋብ ካለ፣ ቆዳው የወጣ የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ ከነጭ ሩዝ ጋር፣ ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም፣ ያለ ዘይት፣ በትንሽ በትንሹ በቀን አራት አምስት ጊዜ ይሰጠው፤ ወደ ቀድሞው ምግብም በሦስት አራት ቀን ቀስ እያለ ይመለስ። ቡችላ ግን ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ቶሎ ስለሚያልቅ መጾም የለበትም።

በጣም የሚያሳስበኝ የፀረ ባክቴሪያው ነገር ነው። ውሻ ሲቀዝን ከፋርማሲ ፍላጅል ወይም አሞክሳሲሊን ገዝቶ መስጠት ልማድ ሆኗል። ተቅማጡ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይቆማል፤ ምስጋናው ለክኒኑ ይሰጣል፤ ያለ ክኒኑም ይቆም ነበር። ሙኒክ ውስጥ ደማዊ ተቅማጥ ያለባቸው፣ ነገር ግን ደማቸው ያልተመረዘ 60 ውሾች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት አሞክሳሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር የወሰዱት ካልወሰዱት ፈጥነው እንዳልዳኑ አረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የአውሮፓ የባለሙያዎች መመሪያም ቀላልና መካከለኛ ድንገተኛ ተቅማጥ ላለበት ውሻ ፀረ ባክቴሪያ እንዳይሰጥ ይመክራል። ፍላጅል ጠቃሚዎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎች ለሳምንታት ያዛባል፤ መጠኑ ከበዛ አእምሮን ይነካል። የፀረ ባክቴሪያ ቦታው ሌላ ነው፤ ትኩሳት ያለው፣ የተዝለፈለፈ፣ ነጭ የደም ሴሉ የወረደ ውሻ ያስፈልገዋል፤ ይህን የሚወስነው ሐኪም ነው። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና ሌሎች የሰው ማስታገሻዎች ደግሞ ለውሻ ጨጓራና ኩላሊት ራሳቸው አደጋ ናቸው። ማስመለስን የሚያቆመው ማሮፒታንት ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን አንጀቱ የተደፈነን ውሻ ዝም አሰኝቶ ሊሸፍን ስለሚችል ሳይመረመር አይሰጥም።

ትላትል ከሁሉም በርካሽና በቀላሉ የሚታከም ምክንያት ነው። መንጠቆ ትል ቡችላን ደሙን መጥጦ ይገድላል፤ ወስፋቱ ደግሞ ወደ ልጆች ይተላለፋል። ቡችላ ከሁለተኛ ሳምንቱ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ ስምንተኛው ድረስ የትል መድኃኒት ሊሰጠው ይገባል።

ወደ ሐኪም ሲኬድ ሰገራው በንጹሕ ዕቃ፣ ትውከቱ በስልክ ፎቶ፣ የተበላ መርዝ ካለ ማሸጊያው አብሮ ይያዝ። ውሻውን የሚመግበው ዘበኛው ወይም የቤት ሠራተኛዋ ከሆኑ ምን እንደበላና መቼ እንደጀመረው የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ባለቤቱ ብቻውን ከሄደ ሐኪሙ ግማሹን ታሪክ ያጣል። አብረው ይሂዱ፣ ካልሆነ ስልክ ላይ ይጠየቁ።

በፓርቮ የታመመ ቡችላ የነበረበት ግቢ ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቫይረሱን ይዞ ይቆያል። ሲሚንቶና ሳህን ታጥቦ ከተጸዳ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ ተበርዞ አሥር ደቂቃ ያህል ቢቆይበት ይገድለዋል፤ አፈርና ሣር ላይ ግን አይሠራም። በዚያ ግቢ አዲስ ቡችላ መግባት ያለበት ክትባቱን ከጨረሰ በኋላ ነው። ክትባቱ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ሳምንት ይጀመራል፣ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ይደገማል፤ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ቀደምቶቹን መርፌዎች ሊያከሽፋቸው ስለሚችል የመጨረሻው 16 ሳምንት ሲሞላው ወይም ከዚያ በኋላ መሰጠት አለበት።